ካርታ ሁሉ ቁማር ነውን?

በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ እርዳታ፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ቢቱዋህ ሌኡሚ ቅጾች ነው። ዛሬ ግን ስለ ካርታ ጨዋታ ልጽፍ ነው። «ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና ስለ ካርታ ትጽፋለች?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ቤቴ ድረስ መጥተው ፊት ለፊት የጠየቁኝ አንዲት እናት ስላሉ፣ እሳቸውንም አስፈቅጄ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ሆን ብዬ ለውጫለሁ።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ማታ ሻባት ከወጣ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ከማውቃቸው ሦስት ጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ከበን ካርታ እንጫወት ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት ናቸው። እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 በተካሄደውና ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ባመጣው በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ ከመጡት ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። በእጃቸው የተጣጠፈ ወረቀት ይዘዋል። በሕንፃችን ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ደብዳቤ አንባቢም ነው፤ ስለዚህ አልገረመኝም።

«ይግቡ እማማ» አልኳቸው። ገቡ። ጠረጴዛውን አዩ፤ በየሰው እጅ ያለውን ካርታ አዩ። ሳይቀመጡ ቆሙና፣

«ልጄ፣ አንቺም?» አሉኝ።

ደብዳቤው ከባንክ የመጣ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በእሳቸው ሒሳብ ላይ በተያያዘ የክፍያ ካርድ በስልክ የፖከር ጨዋታ ሲገዛ ቆይቷል። በአንድ ወር ውስጥ 31 ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ ሸቀል የማይሞላ ተቆርጧል። እያንዳንዱ ሲታይ የአንድ ፋላፌል ዋጋ ነው፤ ሲደመር ግን ከ600 ሸቀል አለፈ። እኔ ቁጥሩን እያነበብኩ ሳስረዳቸው እሳቸው የሚያዩት ወረቀቱን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር። ነገ ልጁን ጠርቼ እንደማነጋግረው ስነግራቸው፣ «በምን አፍሽ? ካርታ ካርታ ነው!» ብለውኝ ወጡ።

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ሱስ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን አንድም መምህር «በምን አፍሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ካርታው ተሰብስቦ ሁሉም ከሄደ በኋላ ለብቻዬ ተቀምጬ አሰብኩ። የእማማ አነጋገር እውነት ከሆነ እኔ ግብዝ ነኝ። እውነት ካልሆነ ደግሞ ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለእሳቸው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አለብኝ። «የኔው በልክ ነው» ማለት አይበቃም። የሚሰክር ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ምን እንደምንጫወት ልንገራችሁ።

በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤቶች ሳለን እንደ ሁሉም ወጣት የምንጫወተው የታወቀውን የቴክሳስ ፖከር ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም የጋራ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ቀስ በቀስ ይገለጣል። በየመካከሉ አራት ጊዜ መወራረድ አለ። የጨዋታው ብልሃት ካርታው ላይ ብቻ አይደለም። ምንም ሳይኖርህ ያለህ መምሰል፣ ሲኖርህ ደግሞ የሌለህ መምሰል ነው። የፈራ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፤ የያዘውም ምን እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል።

ይህን ጨዋታ ኃጢአት ነው አልልም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ማስመሰል እንዳለ አውቆና ተስማምቶ ስለሚቀመጥ፣ ማስመሰሉ እውነተኛ ውሸት አይባልም። ቲያትር ላይ ንጉሥ ሆኖ የሚሠራውን ሰው አታላይ አንለውምና። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ፖከሩ አላሳርፍህ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የማደርገው የሰው ፊት ማንበብ ነው። «ሁሉም ደህና ነው» የሚሉኝ አባት እጃቸው ለምን ይንቀጠቀጣል? «ወድቄ ነው» የምትለኝ ሴት ለምን ዓይኗን ትሰብራለች? ሳምንቱን እንዲህ ከርሜ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የጓደኞቼን ፊት እየሰለልኩ ማን ምን እንደደበቀ መፈለግ፣ ሲያርስ የዋለ በሬ ማታ ለማበራየት እንደ መጠመድ ሆነብኝ። ገበሬ ከሞፈሩ ያርፋል፤ እኔ ደግሞ ማረፍ ያለብኝ ከፊት ንባብ ነበር።

የቻይና ፖከርን ያመጣችልን ከመካከላችን አንዷ ናት። በቻይናውያን ዘንድ «አሥራ ሦስት ካርታ» ይባላል፤ በፊሊፒንስ ደግሞ «ፑሶይ» ይሉታል። በላስ ቬጋስ በሚካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር ላይም በ1995 እና በ1996 ራሱን የቻለ ውድድር ሆኖ ቀርቦ ነበር። ሲጫወቱት ግን ፖከር ፖከር አይሸትም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይታደላል። አራት ጊዜ አሥራ ሦስት 52 ነው፤ ማለትም ካርታው በሙሉ ታድሎ ያልቃል። በመሬት የሚቀር፣ ተደብቆ የሚጠበቅ ካርታ የለም። እያንዳንዱ ሰው የደረሱትን አሥራ ሦስት በሦስት መስመር ይደለድላል፦ ከኋላ አምስት፣ ከመካከል አምስት፣ ከፊት ሦስት። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። የኋላው ከመካከለኛው፣ መካከለኛውም ከፊተኛው መብለጥ አለበት። ይህን ያዛባ ሰው ምንም ያህል ጥሩ ካርታ ቢይዝ ሦስቱንም መስመር ተሸንፏል። ሁሉም ደልድሎ ሲጨርስ በአንድነት ይገለጣል፤ መስመር ከመስመር ይነጻጸራል፤ ነጥብ ይቆጠራል። አለቀ። ውርርድ የለም፤ ማስፈራራት የለም፤ ፈርቶ የሚወጣም የለም። መጥፎ ካርታ የደረሰውም ሰው እስከ መጨረሻው ከጠረጴዛው አይነሣም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥና ሁለት ዘጠኝ ደረሰህ እንበል፤ የቀሩት ሰባቱ የማይረቡ ናቸው። አስና ዘጠኙን ጥንዶች አንድ ላይ ከኋላ አድርገህ ንጉሦቹን ከመካከል ማስቀመጥ ትችላለህ፤ ያን ጊዜ ፊትህ ባዶ ነው። ወይም አሶቹን ከኋላ፣ ንጉሦቹን ከመካከል፣ ዘጠኞቹን ከፊት አድርገህ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ታካፍላለህ። ጓደኛዬ ደግሞ ንጉሥና ዘጠኙን ከኋላ አጣምራ አሶቹን ወደ መካከል ታመጣለች፤ የፊቱን ትተወዋለች። አሥራ ሦስት ካርታ አምስት፣ አምስትና ሦስት ሆኖ የሚከፈልበት መንገድ 72,072 ነው። አብዛኛው የማይረባ ወይም ሕግ የሚያፈርስ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት የሚያከራክሩ ይቀራሉ። ጭንቅላቴ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የማየው የሰው ፊት አይደለም፤ የራሴን እጅ ነው።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «እንደ ወር ደመወዝ ነዋ፤ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለልጆች መደልደል!» አለችኝና ለቤተሰቦች የበጀት ትምህርት እንድጠቀምበት መከረችኝ። ደመወዝ የማይበቃው ቤተሰብ ግን ድልድል ስለማያውቅ ብቻ አይደለም የሚቸገረው። በዚያ ላይ ጨዋታን ሁሉ ትምህርት ካላደረግነው የማንጠቀምበት ይመስለናል። እኔ የምጫወተው ደስ ስለሚለኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። መጀመሪያ ላይ የቻይና ፖከርን በገንዘብ ተጫውተናል። ለአንድ ነጥብ አንድ ሸቀል፤ «ለቀልድ ያህል» ብለን። ሦስት አራት ሳምንት ሳቅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ 84 ሸቀል ተሸነፈ። ሰማንያ አራት ሸቀል ሰው አይገድልም። ግን ያን ወር ያ ጓደኛችን ሥራ ለቆ እንደነበር አልነገረንም። ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጠኝ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኔም ፊት ማንበብ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ያን ፈገግታ አላነበብኩትም። ወይም አንብቤ ዝም አልኩ፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያ በኋላም ሁለት ሳምንት አልመጣም። ሄጄ ለመንኩት። ከዚያ ወዲህ የምንጫወተው በሽምብራ ነው።

ስለዚህ የእማማ ቃል እውነት እንዳለበት ከራሴ ቤት አውቄዋለሁ። ካርታው ያው 52 ነው፤ ሕጉም ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሲለወጥ ከጠረጴዛው አንድ ወንበር ባዶ ቀረ።

በዚህ ነገር ላይ ጠቢባን ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። በሚሽና፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ምስክር መሆን የማይችሉ ሰዎች ተዘርዝረዋል። በወለድ የሚያበድር፣ ርግብ እያበረረ የሚወራረድ፣ የሰባተኛውን ዓመት ሰብል የሚነግድ፣ ከእነሱም ጋር በኩቢያ የሚጫወት። ራቢ ይሁዳ ግን ይህ የሚሆነው ሰውየው ከዚያ ሌላ ሥራ የሌለው እንደሆነ ነው ይላሉ። እኛ አገር ቤት በኦሪት እንጂ በታልሙድ አልኖርንም፤ እኔም ይህን ያወቅሁት እዚህ ተምሬ ነው። ሆኖም አያቶቻችን ቢሰሙት ኖሮ የሚደነግጡበት አይመስለኝም፤ ቁማርተኛን ለሽምግልና የሚጠራ ማን ነበር?

የሚገርመው ምክንያቱ ላይ አለመስማማታቸው ነው። ራሚ ባር ሐማ እንደሚሉት ቁማርተኛው የሚወስደው ገንዘብ ከስርቆት የሚቆጠር ነው። የተሸነፈው ሰው ሲወራረድ አሸንፋለሁ ብሎ ተማምኖ እንጂ ልሰጥ ብሎ አልነበረም፤ ስለዚህ በአፉ ቢስማማም በልቡ አልሰጠም። ራብ ሼሼት ደግሞ እንዲህ አይደለም፣ ችግሩ ሰውየው ለዓለም መቅናት የሚጠቅም ሥራ አለመሥራቱ ነው ይላሉ። በዓለም ውስጥ እየኖረ ዓለምን የማያለማ ሰው የሰውን ኑሮ አያውቀውም፤ የሰውን ኑሮ ያላወቀ ደግሞ እንዴት ይመሰክራል?

እኔ ሁለቱንም ይዣቸው ስመረምር፣ የ84 ሸቀሉ ነገር የራሚ ባር ሐማ ነው። ጓደኛዬ ገንዘቡን በፈገግታ ሰጠኝ፤ በልቡ አልሰጠኝም። ያ ገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ በገባ ጊዜ የእኔ ነበር ማለት ይከብደኛል። የእማማ ልጅ ነገር ግን የራብ ሼሼት ነው። ከሰው ላይ ምንም አልወሰደም፤ ከስልክ ጋር ነው የሚጫወተው። የወሰደው ከራሱ ቀንና ከእናቱ ሒሳብ ነው።

የእማማን ፍርሃት ደግሞ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም ከጎንደር የመጣሁት በ2003 በአሥር ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ቤተሰቤ ከገጠር ወጥቶ ዓሊያ እየጠበቀ ዓመታት ቆይቷል። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው መጠበቅን ነው። መሬቱ ተትቷል፤ ከብቱ ተሸጧል፤ ሥራው የቀን ሥራ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ወጣቶቹ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ። ሳንቲም ይወራረዳሉ፤ ከዚያ ብር፤ ከዚያ ጫማ። እማማ እንደነገሩኝ የእሳቸው ወንድም የቤት ኪራይ በካርታ ጨርሶ በዚያው ወር ቤተሰቡ ከቤት ወጥቷል። ለእሳቸው ካርታ ማለት ያ ግድግዳ ጥላ ነው።

በሥራዬ ላይም ያስተዋልኩት ይህን ነው። ሰዎች «ስስታም ስለሆነ ነው የሚቆምረው» ይላሉ። ስግብግብ ቁማርተኛ አላጋጠመኝም አልልም፤ የሚበዙት ግን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ቪዛ የሚጠብቅ፣ ወንድሙን ከአዲስ አበባ የሚጠብቅ፣ በመርካዝ ክሊታ አንድ ክፍል ውስጥ ቋሚ ቤት የሚጠብቅ፣ ወደ ሠራዊት የሚገባበትን ቀን የሚጠብቅ። ለሚጠብቅ ሰው ነገ በእጁ አይደለም። ቁማሩ በየደቂቃው ትንሽ ነገ ይሰጠዋል፤ ካርታው ይገለጣል፣ አንድ ነገር ይወሰናል። ቢሸነፍ እንኳ ቢያንስ አንድ ነገር ሆነ። ስለዚህ ልጁን ሳነጋግረው የጠየቅሁት መጀመሪያ «ስንት ተበላህ?» ብዬ አይደለም። «ምን እየጠበቅህ ነው?» ነው ያልኩት። የሠራዊት መጠሪያው ሁለት ጊዜ ተላልፎበት ስምንት ወር ቤት መቀመጡን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ይህን በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1977 የወጣው የእስራኤል የወንጀል ሕግ በዕድል የሚወሰኑ የገንዘብ ጨዋታዎችን ማካሄድንና የቁማር ቤት መክፈትን ይከለክላል። መጫወትም ያስቀጣል። ነገር ግን ጨዋታው በተወሰነ የሰዎች ክበብ ውስጥ ከሆነ፣ ከመዝናናት ልክ ካላለፈ፣ የሚካሄደውም በቁማር ቤት ካልሆነ ሕጉ አይነካውም። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። እንግዲህ የእኛ አንድ ሸቀል ምናልባት በሕጉ የተፈቀደ ነበር። የሕግ ፈቃድ ግን ጓደኛዬን አልመለሰልኝም።

መንግሥት ራሱ ደግሞ ዕድል ይሸጣል። ሚፋል ሃፓይስ ከ1951 ጀምሮ አለ፤ ከገቢው ትምህርት ቤቶችና የባህል ማዕከላት ተሠርተውበታል። በየኪዮስኩ አቁሟቸው የነበሩት የቁማር ማሽኖች በ2016 መጨረሻ አካባቢ ተነሥተዋል፤ በጊዜው የተሰጠው ምክንያት በተለይ በድሃ ሰፈሮች ያደረሱት ጉዳት ነበር። ሎቶው ግን አለ። ከ37 ቁጥሮች ስድስት፣ ከዚያም ከሰባት አንዱን መምታት ነው። ሒሳቡን የሠራ ሰው እንደሚያገኘው የሚቻሉት ዓይነቶች 16,273,488 ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ነው ትልቁን ዕጣ የሚያወጣው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እማማ በየሳምንቱ ሎቶ እንደሚቆርጡ አውቅ ነበር፤ ታች ካለው ኪዮስክ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። «በምን አፍሽ?» ባሉኝ ማታ ይህ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንኳን አልተናገርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃ ላይ ተገናኝተን ራሳቸው አነሡት። «እኔም እኮ ሎቶ እቆርጣለሁ። ለልጆቼ ቤት ብዬ ነው። አንቺ ግን ለማን ብለሽ ነው የምትጫወቺው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እሳቸው ዘንድ የጨዋታ ጥሩነት ለሌላ ሰው በሚያመጣው ይለካል፤ ለቤት፣ ለልጅ። የእኔ ሽምብራ ለማንም ምንም አያመጣም። እኔ ደግሞ በተቃራኒው አስባለሁ። ሎቶው ምንም ደስታ የለበትም፤ ከቁጥሩ በስተቀር ማንንም አያገናኝም፤ የሚያስደስተው ቢመታ ብቻ ነው፤ አይመታምም። የእኔው ጨዋታ ምንም ስለማያመጣ ነው ንጹሕ የሆነው። ሽምብራው ከሚያስገኘው ይልቅ ከፊቴ ያለው ሰው ይበልጥብኛል። ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ለማረፍ ነው በይኛ!» አሉ። አዎ፤ ለማረፍ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ስጠማዘዝ እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ማረፍ ደግሞ በባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። እረኞች መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ ማንም ቁማርተኛ አላላቸውም። በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ሰንጠረዥ ነበር። የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደነበር በዚያ ያለፉ እንግሊዛውያን ጽፈዋል። የእኛ ሰንጠረዥ አጀማመሩ ከሌላው ዓለም የተለየ ነው። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደፈለጋቸው ያንቀሳቅሳሉ። እንዴት ያለ ሁከት እንደነበረ አስቡት! አሁን የምንኖርባት ቤር ሼቫም የቼዝ ከተማ ናት፤ በ2005 የዓለም የቡድን ሻምፒዮና የተካሄደው እዚህ ነው። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ስደተኞች ቼዛቸውን ይዘው መጥተው ለከተማዋ ልጆች አስተማሩ። ማንም «ሥራ ፍቱ» አላላቸውም። እኛስ ምን ይዘን መጣን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። የአያቶቻችን ገበጣ በስንት ቤት አለ?

ወደ ልጁ ልመለስ። የስልኩ ፖከር «እውነተኛ ገንዘብ የሌለበት» ነው ይላል። እውነት ነው፤ ቢያሸንፍ የሚሰጠው ሳንቲም ዳቦ አይገዛም። ሲያልቅበት ግን የሚገዛው በሸቀል ነው። ከሎቶም ይብሳል፤ ሎቶ ቢያንስ ሊመታ ይችላል። በዚያ ላይ ስልኩ አያልቅም። እኛ አራት ሆነን ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ ያዛጋል፤ አንዷ የነገ ፈረቃ አላት፤ ቡናው በረካ ላይ ይደርሳል፤ ይበቃል እንላለን። ስልኩ አያዛጋም። «ሥራ ለቅቄአለሁ» ብሎ ያልነገረህ ጓደኛም እዚያ የለም፤ ቢቀርብህ የምትለምነው ሰው የለም።

ተመሳሳይ ነገር በቤታችሁ ካያችሁ የክፍያ ካርዱን ከስልኩ ማላቀቅ በአንድ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ ባንኩ ይረዳችኋል። ከዚያ ያለፈ እርዳታ ከፈለጋችሁ በምትኖሩበት ከተማ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጠይቁ፤ ወይም ወደ ደኅንነት ሚኒስቴር 118 ደውሉ። ልጁን ስልኩን ነጥቆ መስበር ግን አልመክርም። አንድ አባት አድርገውት አይቻለሁ፤ ልጁ በሳምንቱ የጓደኛውን ስልክ ይዞ ተቀመጠ።

የእማማ ልጅ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ካርዱ ተላቋል፤ ወደ አንድ የወጣቶች ቡድን መሄድ ጀምሯል፤ አንዳንድ ሳምንት ይሄዳል፣ አንዳንድ ሳምንት አይሄድም። የሠራዊቱ ቀን ግን ተቆርጦለታል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ከመካከላችን አንዱ ሚሉኢም ተጠርቶ ሦስት ቀረን። እማማ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ ይህኛው የውሃ ክፍያ ነበር። አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ለመሄድ አልተነሡም። «እስቲ አሳዩኝ፤ ምን እንደምትሠሩ ልወቅ» አሉ። አሥራ ሦስት ካርታ አደልናቸው፤ ሽምብራም ቆጠርንላቸው። ሕጉን ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። ረጅም ጊዜ አስበው ደለደሉ። ሲገለጥ ሁለቱ አስ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ያለው ባዶ ነው።

«እማማ፣ ይህ አይሆንም፤ ጠንካራው ከኋላ ነው» አልኳቸው።

«እንዴት? ትልቅ ሰው ተይዞ ከኋላ ይቀመጣል?» አሉኝ ተቆጥተው።

ሦስቱንም መስመር ተሸነፉ። ድጋሚ እንዲታደል ያዘዙት ግን ራሳቸው ናቸው። እስከ አምስት ሰዓት ተጫወትን፤ በስተመጨረሻ ከእኔም ከጓደኞቼም በልጠው ነበር። ሽምብራውን መልሱ ማለት አልቻልንም፤ አንድ በአንድ ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና «ነገ እቆላዋለሁ» ብለው ወደ ታች ወረዱ።